ባሕር ዳር ወይስ ጎንደር? ሁለተኛውን ዓመት አስቡ

ሰሞኑን ማስተርስ ለመማር የተነሱ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ባሕር ዳር ይሻለኛል ወይስ ጎንደር?» ይሉኛል። የመግቢያ ፈተናውን አልፈዋል፤ የቀራቸው ከተማ መምረጥ ነው። ጥያቄው አስከትሎ የሚያመጣው ደግሞ ሁሌም የኑሮ ጉዳይ ነው። ኪራይ ስንት ነው? ውሃ አለ? ሙቀቱ ይቻላል? ብርዱስ?

እኔ የባሕር ዳር ሰው ነኝ። ለከተማህ ታደላለህ የሚለኝ ቢኖር አልቀየምም። ሁለቱንም ከተሞች ግን እወዳቸዋለሁና ያመንኩበትን ልናገር።

የኑሮው ነገር ቶሎ ያልቃል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ብስክሌት ያለው ከባጃጅ ወጪ ይድናል። ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ በመጋቢትና በሚያዝያ ታቃጥላለች። አጎበር ይዛችሁ ግቡ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ናት። ዳገቷ ጉልበት ይፈትናል፤ ማታ ማታ ጋቢ ታስይዛለች። የውሃ ችግሯም የታወቀ ነው፤ ቤት ስትከራዩ ከክፍሉ ስፋት በፊት ጊቢው ሮቶ እንዳለው ጠይቁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስትሉ ደግሞ አንድ ግቢ እንዳይመስላችሁ። ፔዳ የሚማርና ዘንዘልማ የሚማር ተማሪ ውሏቸው አንድ አይደለም። ዘንዘልማ ከዓባይ ማዶ በጎንደር መንገድ ነው፤ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ደግሞ በሌላ በኩል በአዴት መንገድ ነው። ግቢያችሁን ሳታውቁ ቤት አትያዙ።

ይኸው ነው። ይሄን ሁሉ ሰው ይለምደዋል።

የማይለመደው ሁለተኛው ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ኮርስ ነው። ክፍል አለ፣ ጓደኛ አለ፣ ፈተና አለ፤ ተማሪው ተደጋግፎ ይወጣዋል። በሁለተኛው ዓመት ሁሉም በየፊናው ይበተናል። ተማሪው ከአማካሪውና ከዳታው ጋር ብቻውን ይቀራል። አማካሪው ስልክ አያነሳም። ዳታው ያለው ሌላ ወረዳ ነው። የትራንስፖርት ብሩ አልቋል። ስንቱ ጎበዝ ልጅ ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨርሶ እዚህ ላይ ሲቆም አይቻለሁ፤ ያንገበግበኛል። ከተማ መመረጥ ያለበት ይሄን ዓመት እያሰቡ ነው።

የጣናን ዓሣ እንውሰድ። ሐይቁ ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። አጥማጁም ይሄን አሳምሮ ያውቃል፤ መረቡን የወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል። በዚህ ርዕስ የሚሠራ ተማሪ ጀልባዎቹ ጠዋት ዓሣውን ይዘው ባሕር ዳር ዳርቻ ሲደርሱ እዚያው መገኘት አለበት። ዓሣው ተሸጦ ሳያልቅ መለኪያው ላይ ያጋድመዋል፣ ርዝመቱን ይለካል፣ ይመዝናል፣ ሆዱን ከፍቶ እንቁላሉን ያያል፣ በእርጥብ እጁ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ዓሣው የአጥማጁ እንጀራ ነው። ፊቱን አይቶት የማያውቅ ልጅ «ላንዴ ስጠኝ፣ ልቅደደው» ቢለው እሺ አይለውም። ክረምቱ ካመለጠ ደግሞ እስከሚቀጥለው ክረምት መጠበቅ ነው። ይሄ ሥራ ከሩቅ እየተመላለሱ አይሠራም። የባሕር ዳር ተማሪ ግን ጠዋት ተነስቶ በእግሩ ይደርስበታል።

ስለዚህ ለውሃና ለዓሣ ባሕር ዳር። ለጨርቃጨርቅም ባሕር ዳር ነው የምለው። ከተማዋ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ አላት፤ ዩኒቨርሲቲውም በዘርፉ ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት አለው። ፖሊ የምንለው ፖሊቴክኒክ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት እገዛ የተከፈተ ተቋም ነው፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ነው የዛሬው ዩኒቨርሲቲ የተወለደው። መምህርነትና ቴክኖሎጂ እዚህ ሥር ያላቸው ለዚህ ነው።

ጤና ከሆነ ግን ጎንደር። የባሕር ዳር ሰው ሆኜ ያለ ማመንታት እላለሁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሰው ፈጅቶ ነበር። ያኔ የተጀመረው ወደ ሕዝቡ ወርዶ የመሥራት ልማድ ዛሬም አለ። ዩኒቨርሲቲው ዳባት ላይ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውልደትን፣ ሞትንና ከቦታ ቦታ መዛወርን ቤት ለቤት የሚመዘግብ የምርምር ማዕከል አለው። ይሄን ያህል ዳታ አንድ የማስተርስ ተማሪ ዕድሜውን ሙሉ ቢለፋ አይሰበስበውም። ወደ መተማና ሁመራ እርሻ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን የሚያጠቃው ካላዛር የተባለ በሽታም እዚያው ጎንደር ይታከማል፣ ይጠናል።

ሰዎች የሚሳሳቱት እምቦጭ ላይ ነው። ጣና ሲባል ባሕር ዳር ብቻ ይታያቸዋል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ አረሙ ክፉኛ የወረረው ግን የሐይቁን ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ ደምቢያን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምን፣ ፎገራን። ፎገራ የምትሠሩ ከሆነ ባሕር ዳር ይቀርባችኋል። ደምቢያ ከሆነ ግን መቀመጥ ያለባችሁ ጎንደር ነው። ካርታ ዘርግታችሁ ቀበሌውን እዩት።

ቅርበቱን የማበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ ከተሞች በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በደህናው ጊዜ ጠዋት ተነስቶ ለምሳ መድረስ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን አማራ ያለበትን የጸጥታ ሁኔታ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ነበር። ገጠር ወርዶ መጠይቅ ማስሞላት ቤተሰብን እንቅልፍ ይነሳል። «እየተመላለስኩ እጨርሰዋለሁ» የሚል ዕቅድ ዛሬ አያዋጣም። ከከተማ ሳትወጡ የምትሠሩት ሁለተኛ ርዕስም በእጃችሁ ይኑር።

ዩኒቨርሲቲዎቹንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ሁለታችሁም የምታጠኑት ያንኑ የጣና ተፋሰስ ነው። የባሕር ዳር ተማሪ ጎንደር ካለ መምህር ሁለተኛ አማካሪ እንዲይዝ፣ የጎንደር ተማሪም ባሕር ዳር ያለ ላብራቶሪ እንዲጠቀም መንገዱን አቅልሉለት። በሰው ትውውቅ የሚሆነው በደንብ ይሁን። ዘመድና ወዳጅ የሌለው ልጅ ለምን ይቅር?

ርዕሳችሁ የትም ሊሠራ የሚችል ከሆነና ሁሉም ነገር እኩል ከሆነባችሁ፣ ባሕር ዳር ኑ። ጽሑፉ አልሄድ ሲል፣ ሆድ ሲብስ፣ ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ወርዶ መራመድ ገንዘብ አይጠይቅም። ብቻውን ለሚለፋ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ወደ ትምህርት ክፍሉ ደውሉ። በርዕሳችሁ የሚያማክረው ማን እንደሆነ፣ አሁን ስንት ተማሪ እንደያዘ ጠይቁ። ከዚያ ሁለተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ፈልጋችሁ አነጋግሩ፤ የአንደኛ ዓመቱ ገና አልደረሰበትም። አማካሪው ረቂቁን አንብቦ በስንት ጊዜ እንደሚመልስለት ይንገራችሁ። «በሁለት ሳምንት» ካላችሁ፣ ከተማው ብርድም ይሁን ሙቀት፣ እዚያ ግቡ።