የሮክቪሉ መቃብርና አስታማሚው ባል

ሮክቪል፣ ሜሪላንድ። ከባቡር ጣቢያው ትንሽ እልፍ ብሎ አንዲት የቆየች የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለች። ቅድስት ማርያም ትባላለች። በአንድ በኩል ሮክቪል ፓይክ፣ በሌላ በኩል ቪርስ ሚል የሚባለው መንገድ አለ። መኪናው ሲርመሰመስ እሷ መሀል ላይ ቆማለች። ግቢዋ መቃብር ነው። የዚህ አካባቢ ሐበሻ በዚያ ሳያልፍ የሚውልበት ቀን ትንሽ ነው። ኡበር የሚነዳው ያልፋል። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ያልፋል። ክትፎ አምሮት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚወርደውም ያልፋል። እኔም 11 ዓመት አለፍኩ። አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁም።

አንድ ቅዳሜ መኪናዬ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ "ሁለት ሰዓት ጠብቅ" አለኝ። እግሬን ላፍታታ ብዬ መቃብሩ ውስጥ ገባሁ። (እናቴ ብትሰማ ትቆጣኝ ነበር። በቀትር መቃብር ቦታ አይገባም።) አንዱ ድንጋይ ላይ ሳንቲም ተበትኗል። እስክሪብቶ ተቀምጧል። ትንንሽ የመጠጥ ጠርሙስም አለ። ሁለት ስም አነበብኩ፦ ፍራንሲስ ስኮት ኪ ፊትዝጀራልድ እና ሚስቱ ዜልዳ ሴይር። ጋትስቢ የሚባለውን ሰውዬ የጻፈው ደራሲ ነው። ዕድሜ ልኩን መጠጥ ላሰቃየው ሰው መጠጥ ይዞ መምጣት ምን የሚሉት ወዳጅነት እንደሆነ አልገባኝም።

ስልኬን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሰውየው በ1940 ሆሊውድ ውስጥ በልብ ድካም ሞተ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ዕድሜው 44 ነበር። የአባቱ ዘመዶች እዚህ ስለተቀበሩ እሱም እዚሁ እንዲቀበር ነበር የተፈለገው። ቤተ ክርስቲያኗ ግን "ቆራቢ አልነበረም" ብላ ከለከለች። እዚያው ሮክቪል ሌላ መቃብር ገባ። ሚስቱ በ1948 አሽቪል፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ በአንድ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል እያለች ሌሊት እሳት ተነሳ። ዘጠኝ ሴቶች ሞቱ። አንዷ እሷ ነበረች። አጠገቡ ቀበሯት። ሁለቱም ወደ ቅድስት ማርያም የተዛወሩት በ1975 ነው።

ፍቅር እስከ መቃብር ማለት ይሄ ነው ብዬ መኪናዬን ላመጣ ሄድኩ። መጽሐፉን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የማወራው ስለ ጋትስቢ አይደለም። ስለ ሌላኛው፣ በ1934 ስለወጣው "ቴንደር ኢዝ ዘ ናይት" ነው። ርእሱ ከኪትስ ግጥም የተወሰደ ነው፤ "ሌሊቱ ለስላሳ ነው" እንደማለት። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዲክ ዳይቨር የሚባል ጎበዝ ወጣት አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም አለ። ዙሪክ አጠገብ በሚገኝ ክሊኒክ ኒኮል ዋረን የምትባል የቺካጎ ሀብታም ልጅ ትታከማለች። ልጅ ሆና ገዛ አባቷ ደፍሯታል። አእምሮዋ የተነካው ከዚያ ወዲህ ነው። አባትየው አምጥቶ ጥሏት ሄደ። ኒኮል ለዲክ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። ደብዳቤው ፍቅር ሆነ። ተጋቡ። ሐኪሙ ባል ሆነ፣ ባልየውም ሐኪም ሆኖ ቀረ።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን የታላቅ እህቷ ነገር ነው። ቤቢ ዋረን ትባላለች። እህቷን ምን እንደምታደርጋት ስታስብ ቆይታ አንድ መላ አመጣች፦ ገንዘብ አለን፣ ለምን አንድ ጥሩ ሐኪም ፈልገን አናጋባትም? ዲክ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቅ ሳቅ አለው። በኋላ ግን አገባት። ወዷት ነው የገባው። ገንዘቡ ቀስ ብሎ ተከትሎት ገባ።

ይህችን እህት አውቃታለሁ አልኩ። አዲስ አበባ በየሰፈሩ አለች። "አግብታ ብትወልድ ይለቃታል" የምትለዋ ናት። ዋረኖች ቺካጎን ግማሹን መግዛት የሚችሉ ሰዎች ናቸው፤ የእኛዋ እህት ደግሞ ዕቁቧን ነው የምታወጣው። መላው ግን አንድ ነው።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ እኔ በስልክ በአማርኛ እላለሁ። የማንንም ምስጢር አላወጣም፣ ፈርሜያለሁ። ግን ስለ ቃላቱ ባወራ ማንም አይከሰኝም። "ድምፅ ይሰማዎታል ወይ?" የምትል ጥያቄ አለች። መጀመሪያ ሰሞን እንዳለ ተረጎምኳት። እናትየዋ "ተመስገን፣ ጆሮዬስ ደህና ነው፣ ያስቸገረኝ ጉልበቴ ነው" አሉ። ከዚያ ወዲህ "ሌላ ሰው የማይሰማው፣ ለእርስዎ ብቻ የሚሰማ ድምፅ" እላለሁ።

አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አላጣም። ነካ ያደርገዋል፣ ወፈፍ አደረጋት፣ ለቀቀ፣ ጨርቁን ጣለ፣ ለከፋት፣ ሰው ሠራባት፣ ዓይነ ጥላ ነው። በየዘፈኑ ደግሞ በፍቅር ያላበደ የለም። ይህ ሁሉ ቃል ግን ስለ ሰውየው የምናወራበት ነው። ከሰውየው ጋር የምናወራበት ቃል ፈልጉ፣ ታጣላችሁ። አማኑኤል ስንት ዓመት ብቸኛው የአገሪቱ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ስንቱን አስታሟል። እኛ ግን ስሙን ስድብ አድርገነዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚያው አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው፤ ያን ያህል ቅርብ ነው። በሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድስ ቢሆን፣ እውነቱን ፊት ለፊት የሚናገረው ሰው አይደል "ጉዱ ካሣ" የተባለው?

አሁን ወደ አንድ ወዳጄ ልምጣ። እሱም ሚስቱም እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፣ ስም ግን የለም።

ከ10 ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄዶ አገባ። ልጅቷ ቆንጆ፣ የተማረች፣ ሳቂታ ናት። ያገናኘቻቸው ታላቅ እህቷ ናት። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት አንድ ኪኒን ትወስዳለች። "ቫይታሚን ነው" አለችው እህትየው። ጠርሙሱ ላይ ምንም አልተጻፈም። እዚህ መጥታ ሦስተኛ ወሯ ላይ ኪኒኑ አለቀ። እሷም "እንግዲህ አሜሪካ ገባሁ" ብላ ተወችው። መጀመሪያ እንቅልፍ ጠፋ። ከዚያ በሌሊት ቤቱን ከጣራ እስከ ወለል አጠበች። ከዚያ በጥር ብርድ ካፖርቷንና ጫማዋን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ለአገኘችው ሰው ሰጥታ በባዶ እግሯ ስትሄድ ደረሰባት።

911 ደወለ። ፖሊስ መጣ። በካቴና አሰራት። "ለራሷ ደኅንነት ነው" አሉት። (988 የሚባለው የአእምሮ ጭንቅ ቁጥር የተጀመረው በ2022 ነው። ያኔ አልነበረም።) ሆስፒታል ሲደርስ "ባሏ ነኝ" አለ። "እሷ ካልፈረመች ምንም ልንነግርዎ አንችልም" ተባለ። መቀመጫ ላይ አደረ። አገር ቤት ቢሆን እናቷ፣ አክስቷ፣ የንስሐ አባቷ ሁሉ ያውቁ ነበር። ግማሹ ሰፈር አብሮ ይወጣ ነበር። እንጦጦ ወይ ሽንቁሩ ሚካኤል ይዘዋት ይወጣሉ። አብረዋት ያድራሉ፣ ያጎርሷታል። አንዳንዱ በሰንሰለት የሚታሰረውም እዚያው ነው፣ ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም። እዚህ ካቴናው 20 ደቂቃ ነው፣ ብቸኝነቱ ግን ይረዝማል። የትኛው ይሻላል ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር። አልመለስኩለትም።

በሦስተኛው ሳምንት ወጣች። መድኃኒቷ ስም አገኘ፣ በሽታዋም ስም አገኘ፦ ባይፖላር፤ ስሜትን አንዴ ከልክ በላይ የሚያስፈነድቅ፣ አንዴ የሚጥል ሕመም። ያኔ እህትየዋ ደውላ አለቀሰች። "ብነግርህ ታገባት ነበር?" አለችው።

ወዳጄ አልፈታትም። ብዙ ሰው ፍታት ብሎታል፣ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ። ግን ሌላ ነገር ሆነ። "አንድ ነገር ልንገርህ" አለኝ አንድ ቀን፣ መኪና ውስጥ። "ስትስቅ ደስ አይለኝም። ደስ ብሏት ነው ወይስ ሊጀምራት ነው እላለሁ። ሌሊት እነሳና ኪኒኗን እቆጥራለሁ። ባል መሆኔን ረስቼዋለሁ።"

መጽሐፉን እዚህ ጋ ነው የነገርኩት። ዲክ ዳይቨርም እንዲሁ ነው። ፈረንሳይ ባሕር ዳር ቪላ ሠርተዋል፣ እንግዳው ብዙ ነው፣ ሁሉም ይቀናባቸዋል። እሱ ግን እየጋበዘ በዓይኑ እሷን ይጠብቃል። አንዴ ባዛር ላይ ጥላው ትሮጣለች። ሲመለሱ መኪናው ውስጥ መሪውን ትይዝበታለች፣ ከመንገድ ይወጣሉ። ልጆቹ ከኋላ ናቸው። ቀስ እያለ መጠጥ ያዘው። ሌላ ልጅ ወደደ። ሮም ላይ ፖሊስ ደበደበው። ኒኮል ግን እየጠነከረች ሄደች። በመጨረሻ ትታው ሌላ አገባች። እሱ አሜሪካ ተመልሶ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ሐኪም ሆኖ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዛወር ታሪኩ ያልቃል። ዛሬ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ደንብ ከታካሚ ጋር፣ የቀድሞም ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ነገር ይከለክላል። ለታካሚዋ ነው የተከለከለው። ለሐኪሙም ሳይጠቅም አልቀረም።

አማርኛችን "አስታማሚ" ይላል። ቃሉ ውስጥ "ታመመ" ቁጭ ብሏል። ድሮ አላስተዋልኩትም። አገር ቤት አስታማሚ ይፈራረቃል፤ ዛሬ እህት፣ ነገ የአጎት ልጅ። እዚህ ፈረቃ ያለው ሥራ ቦታ ነው፤ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ነህ።

ወዳጄ ዝም ብሎ ሰማኝና "በቃ፣ ይሄ መጽሐፍ የኔ ነው" አለ።

ባለፈው እሑድ ቤታቸው ቡና ጠጣሁ። እሱ ስለ መጽሐፉ ነግሯት ኖሯል። ጠየቀችኝ። እኔም ቀጠልኩ። ደራሲው ይህን ሲጽፍ የራሱ ሚስት ታማ ነበር አልኳት። ዜልዳ በ1930 ፓሪስ ላይ ነው የጀመራት። ስዊዘርላንድ ወሰዷት። ስኪዞፍሬኒያ የሚለውን የአእምሮ ሕመም ስም የፈጠረው ሐኪም፣ ብሎይለር ራሱ መጥቶ አያት። ስኮት ለሕክምናዋ ሲል አጫጭር ልቦለድ እየጻፈ ይሸጥ ነበር፣ አንዱን እስከ 4,000 ዶላር። የአባትየው ነገር የዜልዳ ታሪክ አይደለም፣ እሱ ፈጠራ ነው። ግን የኒኮልን ሕመም ሲጽፍ ከዜልዳ ሕመም ወስዷል፣ ከሆስፒታል ከጻፈችለት ደብዳቤም ወስዷል።

"ደብዳቤዋን?" አለች።

"አዎ።"

"ጠይቋት?"

መልስ አልነበረኝም። ሲኒውን አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ እሱ ሌሊት ኪኒን ይቆጥር እንደነበር ነገረዎት አይደል? እኔም አልተኛም ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ አብሬው ነበር የምቆጥረው። አንድ ቀን እንዳይሳሳት እየፈራሁ።"

ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር። እኔም ለአንድ ዓመት ያህል ታሪካቸውን ሳወጣ ሳወርድ ሁሉ ከእሱ በኩል ነው። አንድ ቀን እሷን አልጠየቅኳትም።

"እሷስ ምንም አልጻፈችም?" አለችኝ።

ጽፋለች አልኳት። በ1932 ባልቲሞር፣ ከዚህ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አንድ ሙሉ ልቦለድ ጨረሰች። ስለ ትዳሯ፣ ባሌት የሚባለውን ዳንስ እማራለሁ ብላ ስለተቃጠለችው። ለአሳታሚው የላከችው ለባሏ ሳታሳየው ነው። ስኮት አበደ። እኔ የምጽፍበትን ታሪክ ቀድማ ወሰደችብኝ አለ። ሁለቱ ሐኪም ፊት ተቀምጠው በዚሁ ጉዳይ ተከራክረዋል። ኑሮው የጋራችን ነው፣ የመጻፍ መብቱ ግን የኔ ነው እንደማለት ነበር የሱ ነገር። የሷ መጽሐፍ ወጣ፣ ብዙም አልተሸጠም።

"እሱን አምጡልኝ" አለች።

"የባሏንስ?"

ወዳጄ ወጥ ቤት ገብቶ ሲኒ እያጠበ ነበር። በአገጯ ጠቆመችኝ።

"እሱን እሱ ያንብበው።"