ፎቶ የሚነሳ ተማሪ፣ ፎቶ የሚያነሳ ተማሪ

በምኖርበት በሜሪላንድ ግዛት የየካውንቲው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአንድ የትምህርት ዲስትሪክት ሥር ይተዳደራሉ። ነገሩን ወደ ሐዋሳ ለማቅረብ፣ የከተማው ትምህርት መምሪያ በነዋሪው ድምፅ በተመረጠ ቦርድ ቢመራ ብሎ ማሰብ ይቻላል። እንዲህ ያሉ ዲስትሪክቶች ከሚያዘጋጇቸው ውድድሮች አንዱ የተማሪዎች የፎቶግራፍ ውድድር ሲሆን፣ ሴት ልጄ መሳተፍ ከጀመረች ወዲህ ፎቶዎቹ በሚሰቀሉበት ኮሪደር እየተዘዋወርሁ ስመለከት ቆይቻለሁ፤ ለቤተሰብ ጥየቃ ሐዋሳ ስወርድም ዓይኔ ያንኑ መፈለጉ አልቀረም።

የአገር ቤት ዘመዶቼ ስለ ውድድሩ ሲሰሙ አስቀድመው የሚጠይቁኝ የካሜራውን ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ ከሚቀርቡት ፎቶዎች ብዙዎቹ በእጅ ስልክ የተነሱ ናቸው፤ ደንቡም ይፈቅዳል። ከካሜራው ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ከፎቶው ጋር ተያይዞ የሚገባው ቅጽ ነው። ተማሪው ለፎቶው ርእስ ይሰጣል፣ የትና በምን መሣሪያ እንዳነሳው ይገልጻል፣ ከዚያም በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ምን ለማሳየት እንደፈለገ ይጽፋል። ልጄ በመጀመሪያው ዓመት «ስላማረኝ ነው ያነሳሁት» ብላ የጻፈችውን ቅጽ መምህርቷ «ምኑ ነው ያማረሽ? ብርሃኑ ነው ወይስ ቅርጹ?» የሚል ማስታወሻ አክላ መለሰችላት፤ የአሥር ዓመት ልጅ በዚህ ሰበብ የኩሽናችንን መስኮት የጠዋቱን ከማታው እያነጻጸረች ስትመለከት ሰነበተች። ዳኞቹ ፎቶዎቹን በቁጥር እንጂ በስም አያዩአቸውም፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪም ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጋር አይወዳደርም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ምስሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልተሠራ ስለመሆኑ ማረጋገጫ መፈረም ተጨምሯል። አሠራሩ የእኛ ዲስትሪክት ፈጠራ አይደለም፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የወላጅና መምህር ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በሚያካሂደው የተማሪዎች የጥበብ ውድድር ውስጥም ፎቶግራፍ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሲሆን፣ በየዓመቱ አንድ የጋራ ጭብጥ ይሰጥና ከሥራው ጋር የተማሪው መግለጫ ይቀርባል።

አሠራሩን ካደነቅሁ አይቀር በግድግዳው ላይ ያየሁትንም ልናገር። ውሻ አለ፤ ጤዛ ያዘለ ቅጠል አለ፤ ባዶ መጫወቻ ሜዳ ላይ የተጋደመ የዥዋዥዌ ጥላ አለ፤ የምትጠልቅ ፀሐይማ ተቆጥራ አታልቅም። ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ካለም ጀርባውን የሰጠ ነው፣ አለዚያም የፎቶ አንሺው ታናሽ ወንድም ነው። በአደባባይ ያለን ሰው ማንሳት በአሜሪካ ሕግ በመሠረቱ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ፣ ዲስትሪክቱ መልኩ ተለይቶ የሚታወቅ ሰው ሁሉ የፈቀደበትን ወረቀት ይጠይቃል፤ የሚታየው ልጅ ከሆነ ደግሞ ወላጁ ይፈርማል። ትምህርት ቤቶቹ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የተማሪዎችን መረጃ የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ ስላለባቸው፣ የወላጅ ክስም ስለሚያሳስባቸው ጥንቃቄያቸው አያስፈርድባቸውም። ሆኖም ልጅ የሚቀለውን መምረጡ አይቀርም፤ ውሻ ደግሞ ፊርማ አይጠየቅም። ምናልባትም ፎቶዎቹ የሰፈራችንን እውነት ነው የተናገሩት፤ እኛ ዘንድ ከመኪናው ወርዶ በእግሩ የሚሄድ ሰው ማግኘት ራሱ ዕድል ነው።

ሐዋሳ ላይ ተማሪና ፎቶ የሚገናኙት በሌላ መንገድ ነው። ልጁ ለምዝገባ ሦስት በአራት ጉርድ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመረቅ ጋውን ለብሶ፣ በወላጆች ቀን ሲሸለም የርእሰ መምህሩን እጅ ጨብጦ ይነሳል፤ በበዓል ቀን ደግሞ ፍቅር ሐይቅ ዳር ካሜራ አንግተው የሚዞሩት ፎቶ አንሺዎች ሐይቁን ከጀርባው አድርገው ያነሱታል። በሁሉም ላይ ተማሪው ተነሺ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች የነበሩት የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ነገሥታቱንና መኳንንቱን ካነሱበት ወግ እስካሁን ብዙ የራቅን አይመስለኝም፤ ፎቶ መነሳት ማለት ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ቀጥ ብሎ መቆም ነው።

የሚነሳ ነገር እንዳልጠፋ ግን የሐይቁን ዳር የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ በማለዳ ያየ ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ክረምት አሥራ አንደኛ ክፍልን የጨረሰውን የእኅቴን ልጅ አስከትዬ ሄጄ ነበር። ጀልባዎቹ ዳር ሲደርሱ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ከመረቡ እያላቀቁ ይጥላሉ፣ ልጆች ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሆድ ዕቃው እስኪወረወርላቸው ድረስ ከገዢው ጋር ተጋፍተው ይጠብቃሉ። የእኅቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ የተቀደደ መረብ ወደሚጠግኑ አንድ አዛውንት ሲጠጋ፣ እሳቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «ለማን ነው የምታነሳው፣ አንተ ልጅ?» አሉት። «ለራሴ ነው አባባ፤ ይፈቅዱልኛል?» «አንሳ። ግን ፊቴን ምን ያደርግልሃል? እጄን አንሳው። ደግሞ አሳጥበህ አምጣልኝ።» እሱም የመረቡን ጫፍ በእግራቸው አውራ ጣት ወጥረው ክሩን በጥርሳቸው ሲበጥሱ አነሳቸው። አዛውንቱ ፈቃዳቸውን ሰጥተዋል፣ ዋጋውን ተናግረዋል፣ ፎቶውንም አርመዋል፤ በሜሪላንዱ ቅጽ ላይ ይህን ሁሉ የሚያስገኝ ሣጥን የለም።

ከዚያ ወጥተን በአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ላይ የተንዠረገገ አበባ ሲያነሳ ግን ጥበቃው «ማን ፈቀደልህ?» ብሎ አስቆመውና አበባዋን ከስልኩ አስጠፋው። የተማሪነት መታወቂያው አልረዳውም፤ ፎቶ አንስተህ ና ብሎ የላከው ትምህርት ቤት የለምና። የእኔ ልጅ ዲስትሪክቱን የሚያህል ተቋም ከኋላዋ ይዛ ሰው አታገኝም፤ እሱ ሰው ሞልቶለት ከኋላው ማንም የለም።

ሕግ የለም ማለት ግን አይቻልም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በአንቀጽ 28 ደግሞ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም ሲሆን፣ ወይም በሕዝብ ፊት ከተከናወነ ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ሲሆን ክልከላውን ያነሳዋል። በዩኔስኮ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2015 በሰፈረው በሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል፣ በፍቼ ጨምበላላ ቀን፣ የሐዋሳው የበዓሉ ሥፍራ ጉዱማሌ ላይ የተሰበሰበውን ሕዝብ ያነሳ ተማሪ ፎቶውን በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢሰቅል፣ እንደ እኔ አረዳድ፣ የሚከለክለው አንቀጽ የለም። ሕጉ የሚጠብቀው የሰውን መልክ ነው፤ በተግባር የሚጠበቀው ግን አጥር ነው።

ስለዚህ ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ውድድር ለመጀመር የጎደለው ብዙ አይመስለኝም። ሚኒ ሚዲያ የሌለው ትምህርት ቤት ብርቅ ነው፤ የክዋኔና እይታ ጥበባት ትምህርትም በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አለ። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ የመሠረተችው የፎቶግራፍ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስት፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የዓለምን ፎቶ አንሺዎች ሥራ አዲስ አበባ ላይ አሳይቷል፤ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ ግን ቅርቡ የራሱ ትምህርት ቤት ግድግዳ ነው። ስልክ ወደ ግቢ እንዳይገባ የሚከለክሉ ትምህርት ቤቶች ክልከላቸውን ማንሳት አያስፈልጋቸውም፤ ፎቶው ቅዳሜ ተነስቶ ሰኞ ታትሞ ይመጣል። ከሜሪላንድ የምወስደው «ምን ለማሳየት ፈለግህ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። የፈቃዱን ወረቀት ግን እንዳለ አልገለብጠውም፤ በምትኩ ፎቶ ቤቱ ሁለት ቅጂ ያትም፣ አንዱ ለተነሺው ይሰጥ። ለጥበቃዎቹ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ በየተማሪው ኪስ ይኑር፤ በአገራችን ከማኅተም የሚበልጥ የካሜራ ዕቃ አላውቅም።

አስቸጋሪው ዳኝነቱ ነው። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይታወቅ ማወዳደር ቀላል አይሆንም፤ በስም ፋንታ ቁጥር መለጠፍ ያግዛል እንጂ ብቻውን አይበቃም። እኔ ብጠየቅ ከመምህራን አስቀድሜ የፍቅር ሐይቅ ዳር ፎቶ አንሺዎችን እጠራለሁ። የሐይቁ ብርሃን በስንት ሰዓት ፊትን እንደሚያጠቁርና በስንት ሰዓት እንደሚያፈካ ያውቃሉ፤ ከተማሪውም ከትምህርት ቤቱም ጋር የሚያስተሳስራቸው ጉዳይ የለም። አበል መጠየቃቸው አይቀርም፤ የዕለት ገቢያቸውን ትተው ነውና የሚመጡት ሊከፈላቸው ይገባል።