አምሪት የሕፃናት ጥምቀት አይደለም
ሲክ ስለተባለው የሕንድ ሃይማኖት ተከታዮች ባነበብኩት ጽሑፍ ውስጥ፣ ጸሐፊው አምሪት የተባለውን የሲኮች የቃል ኪዳን ሥርዓት ከሕፃናት ክርስትና ጋር ማመሳሰላቸውን እንደ ቀላል ስሕተት ማለፍ አልቻልኩም። ለሕፃን የሚደረገው የስም ማውጣት ሥርዓት ነው፤ ቅዱስ መጽሐፋቸው ጉሩ ግራንት ሳሂብ በአጋጣሚ በተገለጠበት ገጽ ከሚነበበው መዝሙር የመጀመሪያው ፊደል ይወሰድና ስሙ በዚያው ፊደል እንዲጀምር ይደረጋል፤ ለወንድ ሲንግ፣ ለሴት ካውር ይጨመራል። አምሪት ግን እ.ኤ.አ. በ1699 የሲኮች መንፈሳዊ መሪ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በሕንድ በምትገኘው አናንድፑር የመሠረቱት፣ ነፍስ ያወቀ ሰው ወዶና ፈቅዶ የሚገባው ቃል ኪዳን ነው። አምስት ምእመናን የብረቱን ሳህን ከበው፣ ጸሎት እየደገሙ፣ ስኳር የገባበትን ውኃ ሁለት አፍ ባለው ሰይፍ ያማስላሉ፤ ተቀባዩም በመዳፉ አምስት ጊዜ ይጠጣል፣ ዓይኑና ፀጉሩ ላይም ይረጭለታል። በሲኮች ሠርግ ሙሽሮች ቅዱስ መጽሐፉን አራት ጊዜ እንደሚዞሩ በዚያው ጽሑፍ የተጻፈው ግን ትክክል ነው።