ቦሎ ፍሬን አይሆንም

መንገድ ላይ መኪና ሲያስቆሙ የሚሆነውን ማንም ሾፌር በቃሉ ይወጣዋል። ትራፊኩ በመስኮት መንጃ ፈቃድና ሊብሬ ይቀበላል፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን ያያል፣ ቀና ብሎ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ቦሎ ያረጋግጣል። ሁሉም ከተሟላ "ሂድ"፤ አንዱ ከጎደለ ቅጣት። ከመኪናው ሥር ያጎነበሰ የለም፣ ጎማ የዳሰሰ የለም፣ ከኋላ ወንበር ሥር የተሸጎጠውን ጀሪካን ያሸተተም የለም። የተፈተሸው ወረቀቱ ነው።

ወረቀት አያስፈልግም አልልም። ግን ቦሎ የሚመሰክረው ስለ አንድ ቀን ነው፤ መኪናው በዓመት አንዴ ምርመራ ገብቶ ስላለፈበት ቀን። በሳምንት ሁለቴ አባይ በረሃን የሚወርድ ባለተሳቢ የፍሬን ሸራውን ዓመት ሳይሞላው ሊጨርስ ይችላል። ለምርመራው ቀን ደህና ጎማ ተውሶ አስገጥሞ ሲወጣ የሚመልስ እንዳለም በየጋራዡ የሚወራ ነው።

ከባድ መኪና ሲገለበጥ በዜና የምንሰማው "ፍሬን በጥሶ" የሚል ነው። አባባሉ ያሳስታል። በአየር ፍሬን የሚሠራ መኪና አየሩ ጨርሶ ቢያልቅ እንኳ የኋላውን ጎማ የሚይዝ ጠንካራ ስፕሪንግ አለው። ቁልቁለት ላይ በብዛት የሚሆነው መበጠስ ሳይሆን መጋል ነው። 30 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ የሚያወጣው ኃይል 8 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ከሚወጣው ሙቀት ጋር ይስተካከላል። ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ሾፌሩ በከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ድርሻውን ይወስዳል። ማርሹን ነጻ ለቆ ከወረደ ያ ሁሉ ሙቀት ታምቡሩ ላይ፣ ማለትም ከጎማው ጋር በሚዞረውና ሸራው ተጭኖ በሚያቆመው ብረት ላይ ያርፋል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይሸሻል። ያኔ ሸራውን የሚገፋው ዘንግ መጨረሻው ድረስ ተገፍቶ እንኳ አይደርስበትም። ጠዋት ግቢ ውስጥ ጥሩ የያዘ ፍሬን ከሰዓት በኋላ ቁልቁለቱ መሀል የሚለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ማርሽ ነጻ ለቆ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው እምነት ከነዳጁ ዋጋ ጋር አብሮ እየጨመረ መጥቷል። እምነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የናፍጣ ሞተር በማርሽ ላይ እያለ ቁልቁለት ሲወርድና እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ፓምፑ ናፍጣ መስጠቱን ያቆማል፤ የሚያዞረው ጎማው ነው። ማርሹ ሲለቀቅ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መመገብ አለበት። ስለዚህ ነጻ ለቆ የሚወርደው ሾፌር ፍሬኑንም ናፍጣውንም ያባክናል።

ይህን ሁሉ መንገድ ዳር መፈተሽ ይቻላል፤ ላቦራቶሪም አይጠይቅም። ደልዳላ ቦታ፣ ለጎማ ሁለት ታኮ፣ የእጅ ባትሪ፣ የብረት ማስመሪያና ጠመኔ ይበቃል። መጀመሪያ ጎማው በታኮ ይያዛል። ከዚያ ሞተሩ አየር ሞልቶ ይጠፋል፤ ረዳቱ ፍሬኑን ረግጦ ይይዛል። የአየር ጌጁ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ0.3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ በጆሮ ይገኛል። ቀጥሎ ፍሬኑ ደጋግሞ ሲረገጥ አየሩ ወደ 4 ባር ገደማ ከመውረዱ በፊት የማስጠንቀቂያው መብራት ወይም ጩኸት መምጣት አለበት። ብዙ መኪና ላይ ይህ መብራት "አስቸገረኝ" ተብሎ ሽቦው ተቆርጧል፤ እኔ ብሆን ከምንም በላይ ይህን አስቀጣለሁ።

ከዚያ ከሥር ነው። ፍሬኑ ሳይረገጥ ከቻምበሩ (አየሩ ገብቶ ፍሬኑን ከሚገፋበት ጣሳ) የሚወጣው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፤ አየሩ ከ6 እስከ 7 ባር እያለ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ይረገጥና ምልክቱ ምን ያህል እንደራቀ ይለካል። በከባድ መኪና ላይ በተለመደው ባለ 30 ቻምበር (30 የመጠኑ ቁጥር ነው) ርቀቱ ከ51 ሚሊ ሜትር ካለፈ ፍሬኑ ተስተካክሎ መጥበቅ አለበት። ዘንጉ የሚችለው ከፍተኛው ጉዞ 64 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ለሙቀት የቀረችው 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ከቁልቁለቱ ግርጌ ለቆመ መኪና ደግሞ በርቀት ሙቀት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ይበቃል። ከሌሎቹ ተለይቶ የቀዘቀዘ ጎማ ካለ ፍሬኑ አይሠራም፤ የእሱን ሥራ ሌሎቹ እየሠሩለት ነው።

ቦታው ላይም ችግር አለ። ፍተሻው ብዙ ጊዜ የሚቆመው ለተቆጣጣሪው በሚያመቸው ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከተማ መግቢያ ላይ ነው። መቆም ያለበት ከቁልቁለቱ በላይ ነው፤ ለአባይ በረሃ በአንድ በኩል ጎሃ ጽዮን፣ በሌላው ደጀን፤ ለደብረ ሲና ደግሞ ጣርማ በር። ቁልቁለቱ መሀል 30 ቶን የጫነን መኪና ማስቆም የፍተሻ ሥራ አይደለም፤ ቀድሞ የጋለውን ፍሬን የባሰ ማጋል ነው።

ጎማ ላይ ብዙ አልልም። ቁመናው በዓይን ይታያል፤ ዕድሜው ደግሞ ጎኑ ላይ ተጽፏል። መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች 2318 ከሆኑ በፈረንጆች 2018 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የማይታየው የጥንዱ የውስጠኛው ጎማ ነው፤ ባትሪ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው። ጎማውን ከሚያስረው ዳዶ ሥር ወደ ውጭ የተሳለ የዝገት መስመር ካለ ዳዶው ላልቷል።

ከቢሮክራሲያችን ውስጥ ወረቀት ሳይሆን ዕቃው ራሱ የሚለካበት ቦታ ቢኖር እንደ ሞጆ ያለው የሚዛን ጣቢያ ነው። መንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከአክስል ጭነቱ ጋር በአራተኛ ኃይል (1.2 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2 ገደማ እንደሚሆነው) ስለሚያድግ፣ 20 በመቶ ትርፍ የጫነ አክስል አስፋልቱን በእጥፍ ይጎዳዋል። ፍሬኑም ያንኑ ትርፍ ይሸከማል። ሚዛኑ ላይ የቆመን መኪና እዚያው ፍሬኑን መለካት ተጨማሪ አሥር ደቂቃ ነው፤ ለምን ሁለት ሥራ ሆኖ እንደቀረ ለእኔ አይገባኝም።

ወደ ነዳጁ ልምጣ። ክፍያው በ2015 በቴሌብር እንዲሆን ተደረገ፤ በ2017 የወጣው የነዳጅ ግብይት አዋጅም ከማደያ ውጭ መሸጥን በከባድ ቅጣት ከለከለ። ቤንዚን ግን ዛሬም በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ይሸጣል። ተቆጣጣሪው ይህን የሚያየው እንደ ኮንትሮባንድ ብቻ ነው፤ ጀሪካኑን ይወርሳል፣ ይመዘግባል። ተሳፋሪ አጠገብ ያለ ጀሪካን ግን ከሁሉ በፊት እሳት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፤ ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። አፉ ድረስ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጠዋት በ20 ዲግሪ ተጭኖ አፋር ሲደርስ 45 ዲግሪ ቢሆን፣ ውስጡ ያለው ቤንዚን ግማሽ ሊትር ገደማ ይጨምራል። ያ ግማሽ ሊትር በክዳኑ ይወጣል። አንድ የላላ የባትሪ ሽቦ ይበቃዋል። ስለዚህ ጀሪካን ሲገኝ የመጀመሪያው ሥራ ሞተር ማጥፋትና ሰው ማውረድ እንጂ ምዝገባ አይደለም።

መደባለቅም አለ። ናፍጣ ላይ ነጭ ጋዝ ሲጨመር ፓምፑን የሚያለሰልሰው ቅባት ይቀንሳል፤ ጋራዥ ገብቶ የሚከፍለው ባለመኪናው ነው። የመስታወት ዴንሲቲ መለኪያ (አንድ ሊትር ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የሚያሳይ) እና ቴርሞሜትር መንገድ ዳር ጥርጣሬ ለመያዝ ይበቃሉ። በ15 ዲግሪ ሲታሰብ ናፍጣ በአብዛኛው ከ0.82 በላይ ነው፤ ከዚያ ከወረደ ናሙና መወሰድ አለበት። ነጭ ጋዝ ራሱ እስከ 0.84 ስለሚደርስ ግን በዚህ ብቻ መቅጣት አይቻልም። ናሙናው በሦስት ጠርሙስ ይታሸግ፦ አንዱ ለላቦራቶሪ፣ አንዱ ለሾፌሩ፣ አንዱ ክርክር ቢነሳ ለማስቀመጥ። እንግሊዝ አገር ለእርሻ ቀረጥ ተቀንሶለት የሚሸጠው ናፍጣ ቀይ ተቀብቶ ነው፤ ተቆጣጣሪዎቹ መንገድ ዳር ከታንከሩ ቀድተው ያዩታል። የሚያነቡት ፈሳሹን እንጂ ደረሰኙን አይደለም።

ጉድለት ከተገኘ በኋላ ያለው አሠራር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ታርጋ ይፈታል ወይም መንጃ ፈቃድ ይያዛል፤ መኪናው ግን ያንኑ ፍሬን ይዞ ይቀጥላል። የፍሬን፣ የመሪና የጎማ ጉድለት ያለበት መኪና ካለበት መነቃነቅ የለበትም፤ ሜካኒክ እዚያው ይምጣለት፣ ወይም ጭነቱ ወደ ሌላ መኪና ይገልበጥለት። ለተቃጠለ የፍሬቻ አምፖል ግን ሰው ማስቆም ግፍ ነው፤ ቀን ተሰጥቶት ይሂድ። ደረሰኙም "የቴክኒክ ጉድለት" ብሎ አይለፍ። "ተሳቢ፣ የኋላ ቀኝ፣ 58 ሚሊ ሜትር" ተብሎ ይጻፍ። ያኔ ሾፌሩ የቱን እንደሚያስጠብቅ ያውቃል፤ ጎሃ ጽዮን ላይ የተጻፈውንም ደጀን ያለው ተቆጣጣሪ ጎንበስ ብሎ መልሶ ይለካዋል።