የሥራ ተቆጣጣሪ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅ

ወረቀት፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለውን ሠራተኛ የሚበዘብዝ አሠሪ ሲቀጥር ደግ ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ክፍያ ግን «መያዣ» ብሎ ያስቀራል። ከዚያ ወዲያ ሠራተኛው ጥሎ ልሂድ ቢል እንኳ አሠሪው እጅ የቀረ ገንዘብ አለውና ይታገሳል። ቀጥሎ ተቀናሹ ይመጣል፦ የመኝታ፣ የመጓጓዣ፣ የመሣሪያ። የተሠራው 60 ሰዓት 40 ተብሎ ይታሰባል። ክፍያው በእጅ ነው፤ ደረሰኝ የሚባል የለም። «ለኢሚግሬሽን እደውላለሁ» የሚለው ዛቻ የሚሰማው መጨረሻ ላይ፣ ሠራተኛው ሒሳቤን ሲል ነው።

በግንባታና በጽዳት ሥራ ደግሞ ንዑስ ተቋራጭ፣ ከዋናው ድርጅት ሥራ ተቀብሎ ሠራተኛ የሚቀጥር፣ አለ። ዋናው ድርጅት «ለእሱ ከፍያለሁ» ይላል፤ እሱ ስልኩን ቀይሮ ይጠፋል። ሠራተኛው የአለቃውን ስም እንጂ የአባቱን ስም አያውቅም፤ ታዲያ ማንን ይክሰስ?

ሕጉ ብዙዎች እንደሚፈሩት አይደለም። የአሜሪካ የሥራ ሰዓትና የደመወዝ ሕግ (እ.ኤ.አ. 1938) ለተሠራ ሥራ ዝቅተኛውን ደመወዝ፣ በሳምንት ከ40 ሰዓት ላለፈው አንድ ተኩል እጥፍ ያዛል፤ ወረቀት የሌለውም በዚህ ይጠበቃል። አሠሪው የሰዓት መዝገብ ካልያዘ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1946 እንደወሰነው፣ ሠራተኛው አሳማኝ ግምት ካቀረበ ማስተባበሉ የአሠሪው ዕዳ ነው። ስለዚህ ተራ ደብተር ትልቅ ዋጋ አለው፦ ቀኑ፣ የተገባበትና የተወጣበት ሰዓት፣ አድራሻው፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ ሁሉም በዕለቱ ይጻፍ። የአለቃው መኪና ታርጋና በሥራው ቦታ የተለጠፈው የዋናው ተቋራጭ ስም ፎቶ ይነሳ። ቴክስቶቹ ሌላ ቦታ ይቀመጡ፤ ስልክ ይጠፋል። ጊዜውም ይሮጣል፦ በዚሁ ሕግ ክስ የሚቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ጥፋቱ ሆን ተብሎ ከሆነ በሦስት።

የአውሮፓ ኅብረት ወረቀት አልባ ሠራተኛ ስለሚቀጥሩ አሠሪዎች ያወጣው የ2009 መመሪያ በአንድ ነገር ይሻላል። ሌላ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ሠራተኛው ቢያንስ ሦስት ወር እንደሠራ ይገመታል፤ የንዑስ ተቋራጩ ዕዳም ሥራውን በቀጥታ ወደሰጠው ተቋራጭ ሊዞር ይችላል።

ትልቁ ቀዳዳ ያለው አሜሪካ ነው። በ2002 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ሠራተኛ ማኅበር በመደገፉ ሕገወጥ በሆነ መንገድ የተባረረ ወረቀት አልባ ሠራተኛ ከተባረረ በኋላ ላለው ጊዜ ደመወዝ አይገባውም አለ። አፍ የሚከፍተውን ማባረር ረከሰ ማለት ነው።

«የአሠሪው ቅጣት ይክበድ» የሚሉ ወገኖች ይህን የሚያዩት አይመስለኝም። የሥራ ተቆጣጣሪው ከኢሚግሬሽን ፖሊስ ጋር አብሮ ከመጣ ሠራተኛው ይሸሻል ወይም ይያዛል፤ ያልተከፈለው ደመወዝም አሠሪው ኪስ ይቀራል። አንዳንዱ አሠሪ የክፍያ ቀን ሲደርስ ራሱ ጠቋሚ ቢሆን ምን ይገርማል? ተቆጣጣሪው ስለ ሰዓትና ስለ ክፍያ ብቻ ይጠይቅ፤ የሰማውንም ለኢሚግሬሽን እንዳያስተላልፍ በሕግ ይከልከል። የአውሮፓው መመሪያ ወደ አገሩ የተመለሰ ሠራተኛም ቀሪ ደመወዙን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ይህ የሚሠራው ግን ከመሄዱ በፊት የአሠሪውን ሙሉ ስም፣ የሥራውን ሰዓትና የቀረውን ሒሳብ የመዘገበለት ሰው ካለ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሠራተኛው የማይፈራው መሆን አለበት።