ጣቢያው ይኑር እንጂ ባቡሩ ይደርሳል

ባቡር የሚወድ ሕዝብ በዓለም ሞልቷል። ጣቢያ የሚወድ ሕዝብ ግን ከእኛ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ባቡርማ ማንም ይወዳል። ይወስዳል፣ ይመልሳል፣ ሰዓት ያከብራል፤ እንዲህ ያለውን መውደድ ምን ጀግንነት አለው? ጀግንነቱ ባቡር የማይመጣበትን ጣቢያ እንደ አድባር ዛፍ ከብቦ ፎቶ መነሳቱ ላይ ነው።

ምስክሬ ለገሃር ነው። የድሮውን ሐዲድ የዘረጉት ፈረንሳዮች «ላ ጋር» ሲሉ «ጣቢያው» ማለታቸው ነበር። እኛ ስሙን ተቀብለን፣ አሽተን፣ ለገሃር አደረግነው፤ ያም አልበቃንም፣ «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» አልነው። ሲፈታ «ጣቢያው ባቡር ጣቢያ» መሆኑ ነው። ጣቢያው ሁለት ጊዜ ተጠርቷል፤ ባቡሩ ግን በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለሱን አቁሟል። ይህ ለወያላው ምኑም አይደለም። ዛሬም ከታክሲው በር ተንጠልጥሎ «ለገሃር! ለገሃር! ሁለት ሰው!» ይላል። ፈረንሳይኛ የሚጣራ ወያላ ያለን እኛ ብቻ ስለሆንን ይህም በኩራት መዝገብ ይግባልን።

አባቶቻችን ግን በዚህ ነገር ትንሽ ሞኝ ነበሩ፤ መቼም አይወቀሱም። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ በ1895፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1909 ገባ። ዛሬ ቆመን የምናደንቀው የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው መቼ መሰላችሁ? በ1922። ማለት አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ባቡሩ እየመጣ፣ ሰው እየወረደ፣ ዕቃ እየተራገፈ፣ ያ ውብ ሕንፃ ግን ገና አልነበረም! ባቡር ቀድሞ፣ ግርማ ተከትሎ። እንዲህ ያለ ያልሠለጠነ ቅደም ተከተል የትም አላየሁም።

እኛ አስተካክለነዋል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በታላቅ ድምቀት ተመረቀ፤ ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ባለሥልጣን ተሳፈረ። መደበኛ አገልግሎቱ የተጀመረው ደግሞ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ነው። በመሃል አሥራ አምስት ወር አለ። ምቀኛ «ምን ሲጠበቅ ነበር?» ይል ይሆናል። ምረቃው እስኪዋሃደን ነዋ! ድግስ የበላ ሰው በማግስቱ ለሥራ አይቀሰቀስም።

የአዲሱ ጣቢያ ትልቁ ጥበብ ግን ቦታው ነው። ለገሃር በከተማው እምብርት ላይ ስለነበር መንገደኛው ያለ አንዳች ልፋት፣ ሻንጣውን በሸክም አስይዞ፣ አንዳንዱም በእግሩ ይደርስበት ነበር። ይህ መንገደኛን ያሰንፋል። አዲሱ ጣቢያ ለቡ ላይ፣ ከተማው ጫፍ ተተከለ። እንግዲህ ኮተቤ የሚኖር ሰው ድሬዳዋ ሊሄድ ፈለገ እንበል። ሌሊት በአሥር ሰዓት ይነሳል፤ ጨለማ ውስጥ ታክሲ ይፈልጋል፤ መገናኛ ይደርሳል፤ ሜክሲኮ ይቀይራል፤ ከዚያ ለቡ ይላል። ታክሲ ከጠፋ ደግሞ በስልኩ መኪና ይጠራል፣ ሾፌሩም «የት ጋ ነህ?» እያለ ሦስት ጊዜ ይደውልለታል። ባቡሩ ላይ ሲወጣ ተጉዞ ጨርሷል። ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለ አዋሽን ሳያይ ያንቀላፋል። ድሬዳዋም በተራዋ ወግ አላጎደለችም፤ ከአሮጌው የከተማ መሃል ጣቢያ ይልቅ ከከተማው ወጣ ያለ አዲስ ጣቢያ ይዛ ትጠብቀዋለች። ከዚያ ወዲያ ባጃጅ ነው። ባቡሩ ሁለት ከተሞችን ሳይሆን ሁለት የከተማ ጫፎችን አገናኝቷል፤ የቀረውን ማገናኘት ለባጃጅ ሹፌሮች የተተወ በረከት ነው።

ለፍርድ እንዲመች ያህል፣ ምክንያት የለውም አልልም። ሰፊው ሐዲድ እንደ ድሮው ጠባብ ሐዲድ በየጓሮው አይጠማዘዝም፣ ከተማ መሃል ላስገባህ ቢሉትም ስንት ቤት ይፈርስ ነበር። ደግሞም ድሬዳዋ ራሷ የተወለደችው እንዲህ ባለ መራቅ ነው፤ ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት አቅቶት ግርጌው ላይ ቆመ፣ ከተማው ጣቢያውን ተከትሎ መጣ። ልዩነቱ ያኔ ያራቀው ተራራ መሆኑ ነው።

ለቡና ጀሞም ቢሆኑ ሰው አላጡም፤ ኮንዶሚኒየሙ ተደርድሯል። ጠዋት ጠዋት ያ ሁሉ ሰራተኛ ለታክሲ ይሰለፋል። ሰልፉ የትምህርት ቤት የባንዲራ ሰልፍ ይመስላል። ከጎናቸው ዓለም አቀፍ የባቡር ጣቢያ አለ። ግን ያ ባቡር ወደ ጅቡቲ ነው የሚሄደው፤ ሜክሲኮ ቢሮው ለሚገባ ሰው ጅቡቲ ትንሽ ታርቃለች። ስለዚህ ጣቢያውን አሻግሮ እያየ ተራውን ይጠብቃል። ጎረቤቱ ባለ ጠጋ የሆነ ድሃ ደስታ ይህ ነው፦ የእኔ ባይሆንም በሰፈሬ አለ።

«ለከተማማ ቀላል ባቡር አለ» የሚል አይጠፋም። አለ እንጂ! መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እኔም ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ ያለ ምክንያት ተመላልሻለሁ። ቲኬቱ ከሁለት ብር ይጀምር ነበር፤ በዚያ ዋጋ ያለ ምክንያት መሄድ ያምር ነበር። ደግሞ ሒሳቡ ውብ ነው፤ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር። ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ አንድ ባቡር ቢታደል እንኳ ሁለት ይተርፋል! ውሎ አድሮ ግን ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው ተዘገበ። አየህ፣ የባቡር ክፋቱ ይህ ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይታመማል፣ ዶላር አምጣ ይላል። ጣቢያ ግን ጨዋ ነው። ፍሬን አለቀብኝ ያለ ጣቢያ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ወደ አሮጌው ለገሃር እንመለስ፤ መውደዳችን የታየው እሱ ላይ ነዋ። ባቡሩ በሕይወት ሳለ ያላልነው አልነበረም። ይዘገያል፣ ያረጀ ነው፣ ከሐዲድ ይወጣል፣ የኮንትሮባንድ ጎሬ ነው። ሐዲዱ ሲዝግ ማንም አላየ። ቆሞ ሲቀር ግን፣ አቤት ፍቅር! ባቡር ተሳፍሮ የማያውቅ ጎረምሳ «ልጅነቴ» ብሎ ፎቶ ይለጥፋል። ድሬዳዋ ላይ በሸማንደፈር (በፈረንሳዮቹ ምድር ባቡር) ዘመን ፈረንሳይኛ ስለሚናገሩት አዛውንት ሠራተኞች ያልተጨነቀ ሁሉ፣ ዛሬ ስለ ሐዲዱ ሽታ ግጥም ይጽፋል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በአቡዳቢ ኩባንያ የሚገነባው የለገሃር የተቀናጀ መንደር ዕቅድ ሲታወጅ፣ አሮጌው ሕንፃ በቅርስነት እንደሚጠበቅ ስንሰማ በእፎይታ ተነፈስን። ባቡሩስ? ብሎ የጠየቀ ሰው ካለ እኔ አልገጠመኝም። ጥያቄውም ነውር ነው። ሟቹ በክብር በተገነዘበት ቤት ትንፋሹ የት ሄደ ተብሎ ይጠየቃል?

እዚያ አካባቢ አንድ እውነተኛ መንገደኛ አለ ብንል የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ሮማ ተጭኖ ሄደ፤ ዓመታት እዚያው ቆመ፤ በመጨረሻ ተመልሶ ለገሃር ቆመ። ከዚያ ሠፈር የደርሶ መልስ ጉዞውን ሳያጓድል የጨረሰ እሱ ብቻ ይመስለኛል፤ እሱም ቢሆን በባቡራችን ላይ ተማምኖ አይደለም።

ባለፈው አንድ ዘመዴን ልሸኝ ለቡ ሄጄ ነበር። ወግ ነውና አልቀረሁም። አዳራሹ ሰፊ፣ ወለሉ የሚያንጸባርቅ፣ ጣሪያው ሩቅ ነው፤ ሰው ሲያስል ድምፁ ተመልሶ ይመጣል። ከአጠገቤ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ መሆናቸውን የነገሩኝ አዛውንት ተቀምጠው ነበር። «ጋሼ፣ እንዴት አዩት?» አልኳቸው።

ጣሪያውን ቀና ብለው አዩት፣ ቆይተው፣ «ያምራል» አሉ። «እኛ ጋ ብርቱካን የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ። ባቡሩ ቆመ ሲባል በመስኮት ነበር የምንገዛ።»

«እዚህ የለም?»

«ልጄ፣ መስኮቱ አይከፈትም እኮ።»

ዘመዴን ሸኝቼ ስወጣ ደጁ ላይ የቆመው ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል። ተሳፈርኩ። መንገዱ እንደ ተለመደው ተዘግቶ፣ ሜክሲኮ ቀይሬ፣ ፀሐይ ሊገባ ሲል ከተማው መሃል ደረስኩ። «ለገሃር ወራጅ አለ?» አለ ወያላው። «አለ» አልኩና ወረድኩ። የአሮጌው ጣቢያ ሰዓት፣ ቅስት፣ ግድግዳ፣ በዚያ ብርሃን ልብ ያስደነግጣል። ስልኬን አውጥቼ ሁለት ሦስት ፎቶ አነሳሁና አንዱን ለጠፍኩት፤ ከሥሩም «ልጅነቴ» ብዬ ጻፍኩበት።