ማስተካከያ፦ ሜይፖፕ በብርድ ወራት ቢደርቅም ሥሩ አይሞትም

በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ገጠሮች በአጥር ሥርና ሳይታረስ በቆየ መሬት ላይ ስለሚበቅለው የዱር ፓሽን ፍሩት፣ ሜይፖፕ ስለሚባለው፣ ቀደም ሲል በወጣው መረጃ «ሐረጉ በብርድ ከደረቀ ሞቷልና ይነቀል» ተብሎ ነበር። ስሕተት ነው። የሚደርቀው ከመሬት በላይ ያለው ክፍል ብቻ ነው፤ ሥሩ አፈሩ ሲሞቅ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከሌሎች ተክሎች ዘግይቶ ስለሚነሳ እስከ ግንቦት መጨረሻ ቦታውን አትቆፍሩ፤ ብዙ ጥሩ ሐረግ የሚጠፋው በዚህ ችኮላ ነው።

«ለፍሬ አንድ ሐረግ ይበቃል» የተባለውም ይታረም። አበባው በራሱ ብናኝ እምብዛም አያፈራም፤ ከሌላ ዘር የበቀለ ሐረግ በአቅራቢያው ይፈልጋል። ከአንድ ሥር የወጡ አሥር ቡቃያዎች ያው አንድ ተክል ናቸው። ብናኙን በዋናነት የሚያደርሱት እንጨት የሚበሱት ትልልቅ ንቦች ስለሆኑ በአበባ ወቅት ፀረ ተባይ አትርጩ።

ለመለየት የቅጠሉን አንገት እዩ፦ ሜይፖፕ እዚያ ላይ ሁለት ትናንሽ እጢዎች አሉት፣ ቅጠሉም በጥልቀት ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው። ቢጫማ አበባ ያለው የዱር ዘመዱ እጢ የለውም፤ አበባውም 2 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የሜይፖፕ ፍሬ የእንቁላል ያህል ሲሆን ሲበስል ወደ ቢጫ ያደላል እንጂ ወይን ጠጅ አይሆንም። ገና ያልበሰለውን ፍሬ አትብሉ።